ፊደል ያልቆጠረው ዴክ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአገር ልጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካክቼዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ የተነሱ ጥያቄዎችንም ቦታ ቦታቸው ላይ ሰክቻቸዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ከመጀመሬ በፊት እስቲ እጅ አውጡልኝ። ቤታችሁ ውስጥ ዲቪዲ የሞላበት ካርቶን ያላችሁ? እሺ፣ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ያንን ዲቪዲ የሚያጫውት ነገር ያላችሁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። አያችሁ? ግማሹ እጅ ወረደ።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ካርቶን ነው። ስለ ፊልሞቹ ግን አይደለም። ከፊልሙ ግርጌ ብቅ እያለ ስለሚጠፋው ጽሑፍ ነው፤ ስለ ሰብታይትል። ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው የገባሁበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃኛል ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ነው። እማዬ በወጣትነቷ መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም ስታይ ነው ያደገችው። ዘፈኖቹን እስከ ዛሬ በቃሏ ታዜማለች። አንዱም ቃል ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም። ህንድኛ አትሰማም። ከታች የሚያልፈውን እንግሊዝኛም አታነብም። ታሪኩን የምትረዳው ከተዋናዮቹ ፊትና ከእንባቸው ነበር። እዚህ ከመጣች በኋላ በጣም ከምትወዳቸው ፊልሞች አንዱን በዲቪዲ አገኘሁላት። እንግሊዝኛ ሰብታይትል አለው። ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እንግሊዝኛውን ላውጣው፣ ወደ አማርኛ ልተርጉመው፣ መልሼ ላስገባው። ጽሑፍ አይደል? ኮፒ፣ ፔስት፣ አለቀ።

ጽሑፍ አይደለም።

የዲቪዲ ሰብታይትል ሥዕል ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ ይህን አትርሱብኝ፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲስኩን የሚያዘጋጁት ሰዎች እያንዳንዱን ንግግር እንደ አንድ ትንሽ ሥዕል አድርገው ያስቀምጡታል። ሥዕሉ ጀርባ የለውም፤ ከኋላው ያለው ፊልም ይታያል። ዴኩ፣ ማለትም የዲቪዲ ማጫወቻው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሥዕሉን ከፊልሙ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ያነሳዋል። ልክ እንደ ስቲከር። ምን እንደተጻፈበት አያውቅም። እንግሊዝኛ ይሁን ቻይንኛ፣ ወይም የአበባ ሥዕል፣ ለሱ አንድ ነው።

ሥዕሉም ድሃ ሥዕል ነው። አንዱ ሥዕል አራት ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው። አንዱ ለፊደሉ፣ አንዱ ለፊደሉ ጠርዝ፣ አንዱ ለማለስለሻ፣ አንዱ ለማይታየው ጀርባ። አራቱም የሚመረጡት 16 ቀለም ካለው ዝርዝር ነው። አንድ ዲስክ እስከ 32 ሰብታይትል መያዝ ይችላል። ድምፅ ግን እስከ 8 ብቻ። ሥዕል ከድምፅ ይቀላላ።

መጀመሪያ ይህን ሳውቅ ተናድጄ ነበር። ምን ዓይነት ሞኝ ነው ጽሑፍን ሥዕል አድርጎ የሚያስቀምጥ? በኋላ ሳስበው ግን ተገረምኩ። ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ነው። አሜሪካ የገባው በ1997 መጋቢት ላይ። የኛ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ልብ በሉ። ዴኩ ፊደል እንዲያውቅ ቢጠየቅ ኖሮ አማርኛን በምንም ተአምር አያሳይም ነበር። ፊደል ያልቆጠረ በመሆኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኛንም፣ የማንንም ጽሑፍ ማሳየት ይችል ነበር። ሥዕል ነዋ።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ስለ ቪሲዲ ጠየቀ። የድሮ የአማርኛ ፊልሞቻችን ብዙዎቹ በቪሲዲ ነበር የሚሸጡት። ቪሲዲ ለሰብታይትል የተለየ ቦታ የለውም። ከታች እንግሊዝኛ ካያችሁበት ፊልሙ ላይ ታትሞ ነው፤ አይነሳም። በሱ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ደግሞ ለየት ያለ ሰብታይትል ነበረን። ቪዲዮ ቤት ውስጥ የቻይና ካራቴ ፊልም ሲከፈት በዕድሜ ከፍ ያለ አንድ ልጅ ከፊት ይቀመጣል። ከታች የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ ጮክ ብሎ ይተረጉምልናል። ግማሹን ከራሱ ይፈጥር እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ፊልሞቹን ደግሜ ሳያቸው የሱ ታሪክ ነው የሚጥመኝ።

ወደ ሥራው እንግባ።

ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር ታገኛላችሁ። ውስጡ ቪኦቢ የሚባሉ ትልልቅ ፋይሎች አሉ። ምስሉም፣ ድምፁም፣ የሰብታይትሉ ሥዕሎችም ተቀላቅለው ያሉት እነሱ ውስጥ ነው። አጠገባቸው ደግሞ አይኤፍኦ የሚባሉ ሚጢጢ ፋይሎች አሉ። ብዙ ሰው ትልልቆቹን ገልብጦ ሚጢጢዎቹን ይተዋቸዋል። እኔም ትቼ ነበር። እማዬ ፊት ፊልሙን ስከፍተው ሰብታይትሉ በአረንጓዴና በሮዝ ብቅ አለ፤ የሠርግ ካርድ ይመስላል። ለካ ያ የ16 ቀለም ዝርዝር ያለው ሚጢጢው ፋይል ውስጥ ነው። የትኛው እንግሊዝኛ፣ የትኛው ዓረብኛ እንደሆነ የሚናገረውም እሱ ነው። ስለዚህ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጡት። ምንም አትምረጡ።

ስለ ቁልፍ ባጭሩ። ከሱቅ የሚገዙ ብዙ ዲስኮች እንዳይገለበጡ ተቆልፈዋል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ፣ ከተወሰኑ ጉዳዮች በስተቀር፣ ቁልፉን መስበር ይከለክላል፤ ዲስኩ የገዛ ራሳችሁ ቢሆንም። ሌላ አገር ሌላ ሕግ አለ። ጠበቃ አይደለሁም። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ዲስክ ግን አይቆለፍም። የእማዬም ፊልም አልተቆለፈም ነበር፤ እድለኛ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፕሮግራሞች ይበቋችኋል። ሜክኤምኬቪ ፊልሙን ሳይነካ፣ ድምፁንና ሰብታይትሉን ሁሉ እንዳለ አንድ ኤምኬቪ ፋይል ውስጥ ያጭቀዋል። ሃንድብሬክ ደግሞ ፊልሙን ጨምቆ ያሳንሰዋል። እኔ መጀመሪያ በአንደኛው አወጣለሁ፣ ካስፈለገ በሁለተኛው አሳንሳለሁ። አንዳንድ ዲስክ ላይ አንዱ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ታያላችሁ። አንዱ ለሰፊ ቴሌቪዥን፣ ሌላው ለድሮው ካሬ ቴሌቪዥን የተሳለ ነው። ሰፊውን ውሰዱ።

አሁን ምርጫ ይመጣል። ሰብታይትሉን ምን ላድርገው?

አንደኛው መንገድ ፊልሙ ላይ ማተም ነው። ንቅሳት በሉት። የትም ቢሄድ፣ በምንም ቢከፈት አብሮ ይታያል። ግን አይለቅም። ሌላኛው መንገድ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ነጠላ በሉት። ሲያስፈልግ ትለብሱታላችሁ፣ ሲሞቃችሁ ትጥሉታላችሁ። እኔ ነጠላውን እመርጣለሁ። የነቀሱትን ፊልም ከዓመት በኋላ ሌላ ቋንቋ ልጨምርበት ቢሉ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ይሆናል።

አንድ ቦታ ብቻ ንቅሳት ይሻላል። ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ቤተሰብ ተሰብስቦ እኔ የገለበጥኩትን የእንግሊዝኛ ፊልም እያየን ነው። መሃል ላይ ሁለት ሰዎች በጣሊያንኛ ማውራት ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ያህል አወሩ። ማናችንም ምንም አልገባንም። አጎቴ፣ «ምስጢር ነው የሚያወሩት፣ ኋላ ይገለጣል» አሉ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ጠበቅን። ምንም አልተገለጠም።

የሆነው ይህ ነው። ዲስኩ ላይ እንደዚያ ላሉ ቦታዎች ብቻ የተዘጋጀ ሰብታይትል አለ። ሰብታይትል ብታጠፉትም በግድ ይመጣል። አንዳንዴ ራሱን ችሎ እንደ ሌላ ሰብታይትል ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሙሉው ሰብታይትል ውስጥ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል። ስንገለብጥ ያ ምልክት ይጠፋል ወይም እኛ ራሳችን ሳናውቅ እንተወዋለን። ሃንድብሬክ ላይ ፎሪን ኦዲዮ ስካን የሚል ምርጫ አለ። ፊልሙን አስቀድሞ ይቃኝና አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚለውን ሰብታይትል ይፈልጋል። እሱን ምረጡና ፊልሙ ላይ አትሙት። አጎቴ አሁንም ያንን ፊልም «ያላለቀው ፊልም» ነው የሚሉት።

እማዬ ግን ሦስተኛውን መንገድ ነበር የምትፈልገው። ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ መቀየር።

ለዚህ የተጠቀምኩት ሰብታይትል ኤዲት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያየ ፊደሉን ይለያል። ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንደኛው ማንበብ የሚችል ሞተር ነው፤ ቴሰራክት ይባላል፤ ፊደላችንንም የሚያነብበት ፋይል አለው። ሁለተኛው ምንም አያውቅም፤ እናንተ ታስተምሩታላችሁ። የአንድ ፊደል ሥዕል ያወጣና «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። «ኤ» ትሉታላችሁ። ሌላ ያወጣል። «ቢ» ትሉታላችሁ። ያን ቀን የኔታ ሆኜ ዋልኩ። ዱላ ብቻ ነው የጎደለኝ። የመጀመሪያዎቹ 50 እና 60 ፊደላት ልብ ያወልቃሉ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ይበረታና ብቻውን ይሮጣል። የዲቪዲ ፊደል ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህ ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይሳካል።

ይሳሳታል? አዎ ይሳሳታል። እንግሊዝኛ ላይ ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል ሁለቱም ቀጥ ያለ እንጨት ናቸው። አር እና ኤን ሲጠጋጉ ኤም ይመስላሉ። ያዘነበለ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ ተማሪው ግራ ይጋባል። የአማርኛ ሰብታይትል ያለው ዲስክ ካላችሁ ፈተናው ሌላ ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። በአራት ቀለም በተሳለ ደብዛዛ ሥዕል ላይ ያቺ ጭረት በቀላሉ ትዋጣለች። ስለዚህ ማሽኑ ሲጨርስ እናንተ ገና ጀመራችሁ። ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው።

አቋራጭ ላሳያችሁ። የአሜሪካ ዲስክ ከሆነ፣ ከሥዕሉ ሰብታይትል ሌላ፣ መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀ ክሎዝድ ካፕሽን ሊኖረው ይችላል። እሱ ከምስሉ ጋር ተደብቆ የሚሄድ እውነተኛ ጽሑፍ ነው። ሲሲኤክስትራክተር የሚባል ነፃ ፕሮግራም በደቂቃዎች ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ይሆናል፤ የሚጮህብህ ይመስላል፤ ግን ፊደል ከመልቀም ነፃ ያወጣሃል።

ያም ሆነ ይህ መጨረሻ ላይ የምታገኙት ኤስአርቲ የሚባል ፋይል ነው። በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል። ውስጡ እንዲህ ነው፦

412
00:47:10,200 --> 00:47:12,900
ወንድምህ የት ነው?

ቁጥር፣ የሚወጣበትና የሚጠፋበት ሰዓት፣ ንግግሩ፣ ከዚያ ባዶ መስመር። ይኸው ነው። ዲቪዲው 4.7 ወይም 8.5 ጊጋባይት ነው። የሰው ሁሉ ንግግር ተሰብስቦ ብዙ ጊዜ 100 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ከኋላ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ፣ «ለምን ትደክማለህ? ኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ ይገኛል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይገኛል። አውርደህ ትጭነዋለህ። ከዚያ ሰውዬው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ «አትግደሉኝ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

የሰዓት መዛነፍ ሁለት ዓይነት ነው። ሳትለዩ አትንኩት። የፊልሙን መጀመሪያ ላይ አንድ ንግግር እዩ፤ ስንት ሰከንድ ይዘገያል? ወደ መጨረሻው ሂዱና ሌላ እዩ። ሁለቱም ቦታ ላይ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ቀላል ነው። ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ላይ የጂ ቁልፍ ሰብታይትሉን ያስቀድመዋል፣ የኤች ቁልፍ ያዘገየዋል። አንድ ጊዜ መጫን የሰከንድ ሃያኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሰከንድ ለማንቀሳቀስ 20 ጊዜ ትጫናላችሁ። ለልጆች የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው።

ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ጂም ኤችም አያድናችሁም። የአብዛኛው አውሮፓና የኢትዮጵያ የድሮው ቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ይባላል፤ በሰከንድ 25 ምስል። ሲኒማ የሚቀረጸው በ24 ነው። ፊልም ወደ ፓል ሲሄድ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ፈጠን ተደርጎ ነው የሚጫወተው፤ 4 በመቶ ገደማ። የሁለት ሰዓት ፊልም 115 ደቂቃ ይሆናል። ተዋናዮቹ ትንሽ ይጣደፋሉ፣ ድምፃቸውም ይቀጥናል፤ ማንም አያስተውልም። የአሜሪካው ዲስክ ግን በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። እንግዲህ ከፓል ዲስክ የተወሰደ ሰብታይትል የአሜሪካ ዲስክ ላይ ስትጭኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቀድማል። ሰብታይትል ኤዲት ላይ የምስል ፍጥነት መቀየሪያ አለ። ከ25 ወደ 23.976 በሉት፤ የአሜሪካ ዲስክ ላይ 24 የምንለው በትክክል ሲቆጠር ይህ ነው። ሁሉም ጎማ እንደሚለጠጥ ይለጠጥና ልክ ይገባል።

ይህን ስነግረው ልጁ፣ «እና እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየአሥር ደቂቃው ኤች ስጫን የኖርኩት በከንቱ ነው?» አለ። አዎ።

አሁን ወደ ትርጉሙ። እዚህ ነው ሦስቱ ወር ያለቀው።

እንግሊዝኛ ጽሑፉን ብቻ እያየሁ መተርጎም ጀመርኩ። ሃያኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «ዩ» ይላል። አንተ ነው? አንቺ ነው? እርስዎ ነው? እናንተ? ጽሑፉ አይናገርም። ፊልሙን ከፍቼ ማን ለማን እንደሚናገር ማየት ነበረብኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ህንድኛውም እንደኛ አክብሮት አለው! አባቱን ሲያናግር «አፕ» ይላል፤ እርስዎ ማለት ነው። ጓደኛውን «ቱም» ይለዋል። «ቱ» ደግሞ ለፈጣሪም ነው፣ ለሚሰደብ ጠላትም ነው፤ የኛው አንተ ቁርጥ። ማሠሪያ ግሣቸውም እንደኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። እንግሊዝኛው መሃል ገብቶ አክብሮቱን ሁሉ ዋጠው እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች ያለ አስተርጓሚ ሊግባቡ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ በኋላ ዓይኔ እንግሊዝኛውን፣ ጆሮዬ ህንድኛውን ይዞ ነው የሠራሁት። ህንድኛ አልችልም። አፕ እና ቱም ግን አያመልጡኝም።

ሌላው ጣጣ ልብ ማንጠልጠያው ነው። ሴትዮዋ፣ «ማን እንደገደለው አውቃለሁ» ትልና ዝም ትላለች። ሙዚቃው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በሚቀጥለው ሥዕል፣ «ወንድምህን» ትላለች። ሥርዓት ያለው አማርኛ ልጻፍ ካላችሁ «ወንድምህን ማን እንደገደለው አውቃለሁ» ይሆናል። ምስጢሩ ሙዚቃው ሳይጀምር ወጣ። እዚህ ላይ ሰዋስውን ለቅቄ አፍን ተከተልኩ። ሰው ሲያወራ «ማን እንደገደለው አውቃለሁ... ወንድምህን» ይላል፤ ሰብታይትል ወሬ ነው። የሚነበበው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ስለሆነም ባጭሩ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ጨርሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ከፈትኩት። የጥያቄ ምልክት ብቻ። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት።

ይህን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ነውና። ፋይሉ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ መቀመጥ አለበት። የድሮው የዊንዶውስ ኖትፓድ ራሱ ካልነገራችሁት በሌላ ነበር የሚያስቀምጠው። አማርኛን ስለማያውቅ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ያ ጽሑፍ ሞቷል፣ አይመለስም። ሦስት ሳምንት እንደገና ሠራሁ።

ጥያቄ ምልክት ሳይሆን የላቲን ቁርጥራጭ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። በተለይ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሽ ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመ ከመጣ ደስ ይበላችሁ። አማርኛ በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይት ሁሌም አንድ ነው። በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ ያ ባይት ነው ጭረት ያለበት ኤ የሚሆነው። ጽሑፋችሁ በሕይወት አለ። ማጫወቻው ላይ የጽሑፉን ዓይነት ዩቲኤፍ 8 አድርጉት፣ ይስተካከላል። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ደግሞ ጽሑፉ ደህና ነው፤ መሣሪያው የኛን ፊደል የያዘ ፎንት የለውም። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ያው ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ነገር ሠራ። የፊልሙንና የኤስአርቲውን ስም አንድ ዓይነት አድርጌ አንድ ፎልደር ውስጥ ሳስቀምጣቸው ቪኤልሲ ራሱ አገናኛቸው። በፍላሽ አድርጌ ሳሎን ወዳለው ትልቅ ቴሌቪዥን ወሰድኩት። ሳጥን። የተደረደረ ባዶ ሳጥን። ያን ያህል ዋጋ የወጣበት ዘመናዊ ቴሌቪዥን ሀ ሁ አያውቅም።

አንዲት እህት እዚህ ላይ፣ «ታዲያ ለምን ፊልሙ ላይ አላተምከውም?» አለችኝ። ማተም ይቻል ነበር። ግን እማዬ መኝታ ቤቷ ውስጥ አሮጌ የዲቪዲ ዴክ አላት። ፍላሽ አታምንም። ዲስክ ስታስገባና ስታወጣ ነው ፊልም ያየች የሚመስላት። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ዴኩ ፊደል አልቆጠረም! ሥዕል ብቻ ስጠኝ ነው የሚለው።

ስለዚህ የመጣሁበትን መንገድ ተመለስኩ። ከሥዕል ጽሑፍ አውጥቼ ነበር፤ አሁን ከጽሑፍ ሥዕል። ዲቪዲ ስታይለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኤስአርቲውን ተቀብሎ በመረጣችሁት ፎንት ሥዕል ያደርገዋል፣ ዲስክም ያዘጋጃል። ፊደላችን እንደ ዓረብኛ እየተያያዘ ቅርፁን አይለውጥም፤ ተራ በተራ መደርደር ብቻ ነው፤ ለማሽን ይመቻል። ፎንቱን ግን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ የመረጥኩት የብራና ጽሑፍ የሚመስል ቆንጆ ቀጭን ፊደል ነበር። 480 መስመር ብቻ ባለው ምስል ላይ ቀጫጭን እግሮቹ ጠፉ። «ሸሸ» የሚለው «ሰሰ» ሆነ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በወፍራሙ አድርጌ፣ መጠኑን ጨምሬ፣ ጥቁር ጠርዝ ሰጥቼ አዳንኩት። ሁለት ዲስክ አበላሽቻለሁ።

ሦስተኛውን አስገባን። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች። ፊልሙ ጀመረ። ከታች አማርኛ ወጣ። ዝም ብላ አነበበች። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረችም። እኔም ልቤ ቆሟል፤ ስህተት የምታገኝ መስሎኛል።

ከዚያ፣ «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ወንድሟ ነው እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔ እኮ ጥሏት የሄደ እጮኛዋ ነው የሚመስለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ!» ትንሽ ቆየች። «የኔው ይሻል ነበር።»

ሪሞቱን አንሥታ ሰብታይትል የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ጽሑፉ ጠፋ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው እንደዚያው አየችው።